ውሃ ጨውን ይከተላል፦ የሚያሸኑ መድኃኒቶች በኩላሊት ውስጥ ምን ይሠራሉ?

«ልጄ፣ ይኼ ኪኒን ሥራው ውሃ ማስወጣት ከሆነ፣ እኔ ውሃ መጠጣቱን ብተወው አይሻልም?» ብለው የጠየቁኝ አንዲት እናት ነበሩ። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ያቀበሉኝ ማዘዣ ላይ ፉሮሰማይድ 40 ሚሊ ግራም፣ በየቀኑ ጠዋት አንድ ፍሬ ይላል። ሁለቱም እግሮቻቸው አብጠዋል፤ የጫማቸው ማሰሪያ ቆዳቸው ውስጥ ሰምጦ መስመር አውጥቷል። ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብዬ በአውራ ጣቴ ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጌ ስለቅቀው፣ የጣቴ ጉድጓድ ሊጥ ላይ እንደተጫነ ሁሉ ሳይሞላ ቆየ። መድኃኒቱን አንድም ቀን አላቋረጡም፤ ውሃም ከቀነሱ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። ስለ ምግባቸው ስጠይቃቸው ግን በርበሬውና ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ሲሠራ ሌላ ጨው ይጨመርበታል፣ ቡናቸውንም እንዳደጉበት አገር ልማድ በጨው ነው የሚጠጡት።

ጥያቄያቸው በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መድኃኒቶቹን «የሚያሸኑ» ብለን ስንጠራቸው ውሃ የሚስቡ ይመስላል። እውነቱ ግን ከእነዚህ መድኃኒቶች ውስጥ በብዛት የሚታዘዙት ውሃን በቀጥታ አይነኩም። የሚነኩት ጨውን ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ኩላሊት አጣርቶ ያወጣውን ጨው መልሶ ወደ ደም የሚያስገባባቸውን በሮች ነው የሚዘጉት። በሩ ሲዘጋበት ጨው ሽንት ውስጥ ይቀራል፣ ውሃውም ተከትሎት ይወጣል። ይህ አንድ ነጥብ ከተጨበጠ፣ አንዱ መድኃኒት ለምን ኃይለኛ፣ ሌላው ለምን ለስላሳ እንደሆነ፣ አንዱ ለምን ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን እንደሚያሳጣ፣ ሌላው ለምን እንደሚያጠራቅም፣ የእኒህ እናት እግርም መድኃኒቱን እየዋጡ ለምን እንዳልጎደለ ሁሉም ከዚያው ይመነጫል።

ውሃ ጨውን የሚከተለው ለምንድን ነው? በሰውነታችን ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም የገበታ ጨው ግማሽ አካል የሆነው ንጥረ ነገር፣ አብዛኛው የሚገኘው ከሴሎች ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ በደም ውስጥና በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ማለት ነው። ሰውነት የዚህን ፈሳሽ የጨው ጥንካሬ በጣም በጠበበ ልክ ይጠብቃል። ጨው በዝቶ ሲገባ አንጎል ጥምን ይቀሰቅሳል፣ ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዝ ሆርሞንም ይለቃል፤ ጨውና ውሃ እስኪመጣጠኑ ድረስ ጥሙ አይቆምም። ልኩን በዓይን ማየት ለሚፈልግ፣ ሰው ሁሉ «ጉሉኮስ» እያለ ከሚጠራቸው፣ በየሆስፒታሉ ከብረት ዘንግ ላይ ከሚሰቀሉት ከረጢቶች አንዱ በእርግጥ ስኳር የሌለው የጨው ውሃ ነው፤ በ1 ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለው፤ የተሠራውም ከሰውነት ፈሳሽ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነው። ስለዚህ በሰውነት ውስጥ የቀረ እያንዳንዱ 9 ግራም ጨው ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይዞ ይቀራል። እብጠት በጣት ተጭኖ እስኪታይ ድረስ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። ያን ሁሉ ውሃ የያዘው ጨው እዚያው ተቀምጦ ሳለ ውሃ ብቻ ማቆም ሰውየውን ያስጠማዋል እንጂ እብጠቱን አያጎድለውም።

አሁን ወደ ኩላሊት እንግባ። ልብ በየደቂቃው ከሚረጨው 5 ሊትር ያህል ደም አንድ አምስተኛው ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የማጣሪያ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ኔፍሮን ከራስጌው የማጣሪያ ቋጠሮ፣ ከዚያ ቀጥሎ ረጅምና ጠመዝማዛ ቱቦ አለው። በጤነኛ ሰው ውስጥ እነዚህ ማጣሪያዎች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራሉ፤ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የሚያልፈው ጨው ወደ 1.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በየቀኑ አንድ ኪሎ ተኩል ጨው! ከዚህ ውስጥ በሽንት የሚወጣው በዕለቱ ከተበላው ጋር የሚመጣጠን ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ከ99 በመቶ በላይ የሆነው ቱቦው ውስጥ ሲጓዝ እየተለቀመ ወደ ደም ይመለሳል። አባቶቻችን አሞሌን እንደ ገንዘብ ቆጥረው በጥንቃቄ ይይዙት ነበር፤ ኩላሊትም ጨውን የሚይዘው እንደዚያው ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ ትልቅ ነገር ይወጣል። ከ1.5 ኪሎ ግራሙ 1 በመቶ ብቻ ሳይለቀም ቢያልፍ 15 ግራም ጨው፣ ከእርሱም ጋር ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ብርቱ ለመሆን የኩላሊትን ሥራ ማቆም አይጠበቅበትም፤ ከብዙዎቹ በሮች አንዱን ለጥቂት ሰዓት ገርበብ ማድረግ ይበቃዋል።

በሮቹ የሚሠሩት በአንድ የጋራ ሞተር ጉልበት ነው። የቱቦው ግድግዳ የተሠራባቸው ሴሎች ፊታቸው ወደ ሽንቱ፣ ጀርባቸው ወደ ደሙ ነው። በጀርባቸው በኩል የሶዲየም ፓምፕ የሚባል ፕሮቲን ተተክሏል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሶዲየም ወደ ደሙ ወገን ይገፋል፣ በምትኩ ሁለት ፖታሲየም ወደ ሴሉ ያስገባል። ይህን ፓምፕ የዴንማርኩ ሳይንቲስት የንስ ስኮው ከሸርጣን ነርቭ ላይ ባደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1957 አሳወቀ፤ ከ40 ዓመት በኋላ በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነበት። ፓምፑ ያለማቋረጥ ሶዲየምን ስለሚያስወጣ የሴሉ ውስጥ በሶዲየም የደኸየ ይሆናል፤ በፊቱ በኩል፣ ሽንት ውስጥ ያለው ሶዲየም ታዲያ በተገኘው በር ሁሉ ለመግባት ይሽቀዳደማል። ይህ ፓምፕ በልብም፣ በነርቭም፣ በሁሉም ሴል ውስጥ ያለ ስለሆነ እርሱን መዝጋት አደገኛ ነው። የፊት ለፊቱ በሮች ግን በቱቦው ርዝመት እየተለያዩ የሚሄዱ፣ ብዙዎቹም ከኩላሊት ውጭ እምብዛም የማይገኙ ናቸው። የሚያሸኑ መድኃኒቶች ጠቃሚ ሊሆኑ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሞተሩን ትተው በሩን ይይዛሉ።

የቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ከተጣራው ጨው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይለቅማል። ከዚህ በመነሣት ብርቱው መድኃኒት እዚህ የሚሠራው መሆን አለበት ብሎ መገመት ይቻላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በዚህ ክፍል የሚሠራው አሴታዞላማይድ ሶዲየም ከባይካርቦኔት ጋር የሚመለስበትን መንገድ ያዳክማል፤ ያመለጠውን ጨው ግን ከታች ያሉት ክፍሎች ተቀብለው ይለቅሙታል፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ትንሽ ይሆናል። ለዚህ ነው አሴታዞላማይድ ዛሬ በብዛት የሚታወቀው ለዓይን ግፊትና ለተራራ ሕመም መድኃኒትነቱ የሆነው። በዚሁ የመጀመሪያ ክፍል ስኳርና ሶዲየም ተቃቅፈው የሚገቡበት ሌላ በር አለ፤ እርሱን የሚዘጉት ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን ለስኳር ሕመም ተሠርተው፣ የስኳር ሕመም የሌለባቸውን የልብ ድካም ሕመምተኞች ጭምር እንደሚረዱ ከ2019 ወዲህ በወጡ ትልልቅ ጥናቶች ታይቷል። የማሸናት ኃይላቸው መጠነኛ ነው፤ ጥቅማቸውም በእርሱ ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ቱቦው ከዚህ በኋላ ወደ ኩላሊቱ ጥልቅ ክፍል ወርዶ፣ ታጥፎ፣ ተመልሶ ይወጣል። ጀርመናዊው የአካል አጥኚ ያኮብ ሄንሌ እ.ኤ.አ. በ1862 ስለገለጸው የሄንሌ ቀለበት ይባላል። የፉሮሰማይድ ስፍራ ይህ ነው፤ ብዙዎች ላሲክስ እያሉ በሚያውቁት ስሙ። በቀለበቱ ወደ ላይ በሚወጣው ወፍራም ክንድ ላይ ያለው በር አንድ ሶዲየም፣ አንድ ፖታሲየምና ሁለት ክሎራይድ (የገበታ ጨው ሌላው ግማሽ) በአንድ ጊዜ ካልተሟሉ የማይከፈት ነው። ከተጣራው ጨው ሩብ ያህሉ የሚለቀመው እዚህ ነው፤ ከታች የቀሩት ክፍሎች ደግሞ ሩብ የሚያህል ጨው በድንገት ቢለቀቅባቸው ለመልቀም አቅም የላቸውም። ፉሮሰማይድ ከሁሉ የሚበረታው ስፍራው ይህን ያህል የተመቸ ስለሆነ ነው።

ሌላም ምክንያት አለው፤ ለእኔ ከኩላሊት አሠራር ሁሉ ይህን የሚያህል ድንቅ የለም። ይህ ወፍራም ክንድ ጨው ያሳልፋል እንጂ ውሃ አያሳልፍም። ጨው ብቻውን ከቱቦው እየወጣ በኩላሊቱ ጥልቅ ክፍል ይጠራቀማል፤ በዚያ ያለው ፈሳሽ ከደም አራት እጥፍ ያህል እስኪጠነክር ድረስ። በኋላ ሽንቱ የመጨረሻውን ቱቦ ይዞ በዚያው ጥልቅ ክፍል ሲያልፍ፣ ይህ የተጠራቀመ ጨው ውሃውን ከሽንቱ ይስበዋል፤ በረሃ ላይ ያለ ሰው ጥቂት ወፍራም ሽንት ብቻ የሚሸናው በዚህ ዘዴ ነው። ፉሮሰማይድ በሩን ሲዘጋው ያ የጨው ክምችት ይሟሽሻል፣ ውሃ መልሶ የሚስብ ኃይልም ይደክማል። አንድ በር ተዘጋ፣ ጨውም ውሃም አብረው ጎረፉ።

መድኃኒቱ ወደዚህ በር የሚደርስበት መንገድም ብዙ ነገር ይወስናል። በሩ የሚዘጋው በሽንቱ በኩል እንጂ በደሙ በኩል አይደለም። ፉሮሰማይድ ደግሞ ደም ውስጥ ሲገባ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው አልቡሚን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ በማጣሪያው ቋጠሮ አያልፍም። ወደ ሽንት የሚገባው የቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ሴሎች ከደም ጎትተው ወደ ቱቦው ሲያስገቡት ብቻ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ይህ መንገድ ስለሚጠብበት፣ ብዙም ቆሻሻ አሲዶች አብረው ስለሚጋፉ፣ ያው 40 ሚሊ ግራም ለእርሱ ምንም ላያደርግለት ይችላል። መድኃኒቱ ሽንት ውስጥ የተወሰነ መጠን እስኪደርስ ድረስ አይሠራም፤ እንደ ደጃፍ ነው፣ ወይ ተሻገሩት ወይ አልተሻገሩትም። ከደጃፉ በታች የቀረ መጠን ሁለት ጊዜ ቢወሰድ ሁለት ጊዜ ከደጃፉ በታች ይቀራል፤ ሐኪም አንዳንዴ ለኩላሊት ሕመምተኛ መጠኑን በአንድ ጊዜ ከፍ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ሰውነቱ በጣም ያበጠ ሰው አንጀቱም ያብጣልና የዋጠው ኪኒን ቀስ ብሎ፣ ተቆራርጦ ይገባል፤ በደም ሥር ሲሰጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሸናውም ስለዚህ ነው። መጠን የመጨመሩ ውሳኔ ግን የሐኪም ነው፤ በደም ሥር በፍጥነትና በብዛት የተሰጠ ፉሮሰማይድ ጆሮን ሊያስጮህ፣ መስማትንም ሊጎዳ ይችላል፤ በውስጠኛው ጆሮ የዚህ በር ወንድም የሆነ ሌላ በር አለና።

ቀጣዩ ክፍል የታያዛይዶች ስፍራ ነው፤ ከእነርሱ በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ወደ እነዚህ መድኃኒቶች የተደረሰበት መንገድ ረጅምና ጠማማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 በቪየና አልፍሬድ ፎግል የሚባል የሕክምና ተማሪ፣ ለቂጥኝ ሕክምና ሜርኩሪ ያለበት መርፌ የተሰጣት አንዲት ወጣት ሕመምተኛ ሽንቷ እጅግ መብዛቱን አስተዋለ፤ ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ እብጠት የሚታከመው መርዛማነቱ እየታወቀ በሜርኩሪ መርፌ ነበር። ሰልፋ የሚባሉት የባክቴሪያ መድኃኒቶች በ1930ዎቹ ሲመጡ የሕመምተኞች ሽንት ጠባይ እንደሚለወጥ ታየ፤ በ1949 አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሽዋርትዝ በጥቂት የልብ ድካም ሕመምተኞች ላይ ሰልፋኒላማይድን ሞክሮ ሶዲየም እንደሚያስወጣ አሳየ። በሜርክ ኩባንያ የነበሩት የካርል ቤየር ባልደረቦች የሰልፋን ሞለኪውል እያሻሻሉ ሲሄዱ ከባይካርቦኔት ይልቅ ክሎራይድን፣ ማለትም እውነተኛውን የገበታ ጨው የሚያስወጣ ኪኒን እጃቸው ገባ፤ ክሎሮታያዛይድ የሚባለው ይህ መድኃኒት በ1958 ገበያ ላይ ዋለ። የሚገርመው፣ መድኃኒቱ የሚዘጋው በር ራሱ በሞለኪውል ደረጃ የተለየው በ1993 ነው፤ ያውም ከአንድ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ የሽንት ፊኛ። ሰዎች ለ35 ዓመት ስለ በሩ ሳያውቁ ቁልፉን ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

በዚህ ክፍል የሚለቀመው ከተጣራው ጨው ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ ታያዛይዶች ከፉሮሰማይድ ይለሰልሳሉ፤ ትልቅ እብጠት ለማጉደል ብቻቸውን ብዙ ጊዜ አይበቁም። ለደም ግፊት ግን የሚመረጡት እነርሱ ናቸው፤ ሥራቸው ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም የደም ሥሮች ውጥረት ይረግብላቸዋል። ካልሲየምን በተመለከተ ከፉሮሰማይድ ጋር ተቃራኒ ናቸው፦ ፉሮሰማይድ ካልሲየምን በሽንት ያባክናል፣ ታያዛይድ ይቆጥባል፤ የካልሲየም የኩላሊት ጠጠር ለሚመላለስበት ሰው ታያዛይድ የሚታዘዘው በዚህ ጠባዩ ነው።

ታያዛይድ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ማስገንዘብ እፈልጋለሁ። ሽንት ቀጭን የሚሆነው፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚወገደው፣ ጨው ከሽንቱ ውስጥ እየተለቀመ ውሃው ብቻውን ሲቀር ነው፤ ታያዛይድ ይህን ሥራ ያደናቅፋል። በኩላሊቱ ጥልቅ ክፍል ያለውን የጨው ክምችት ግን አይነካም፤ ስለዚህ ውሃን መልሶ የመሳብ ኃይል እንዳለ ነው። ውጤቱ፣ ሰውየው ጨው እያጣ ውሃ ሊያጠራቅም ይችላል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ፣ መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ነገር መዘባረቅ፣ መውደቅ ቢታይ «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ የደም ሶዲየም ተለክቶ መታየት አለበት።

የመጨረሻው ስፍራ ሰብሳቢው ቱቦ ነው። ከጨው የቀረው ጥቂት በመቶ ቢሆንም የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው እዚህ ነው፤ አዛዡም ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት እጢዎች የሚመነጨው አልዶስቴሮን የተባለ ሆርሞን ነው። እዚህ ሶዲየም የሚገባበት በር ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ሶዲየሙ ክሎራይዱን ትቶት ብቻውን ስለሚገባ ሽንቱ ውስጥ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይቀራል፣ ያም ፖታሲየምን ከሴሉ ወደ ሽንት ይጎትታል። እንግዲህ ፉሮሰማይድም ሆነ ታያዛይድ ከላይ ያሉትን በሮች ዘግተው ብዙ ሶዲየም ወደዚህ ሲልኩ፣ ሰብሳቢው ቱቦ የቻለውን ያህል ይለቅማል፣ በለቀመ ቁጥርም ፖታሲየም ይከፍላል። ሰውነት ጨው ማጣቱን አውቆ አልዶስቴሮን ሲጨምር ክፍያው ይበልጥ ያድጋል። የጡንቻ መዛል፣ የእግር ቁርጥማት፣ ከሁሉ የሚከፋው የልብ ምት መዛባት ከዚህ ይመጣል።

በአገራችን ይህ ነገር የተለየ ክብደት አለው። በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቮቻቸው የተጎዱ፣ ብዙዎቹ ገና ወጣት የሆኑ ሕመምተኞች ፉሮሰማይድንና ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት አብረው ሲወስዱ እናያለን። ዲጎክሲን ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን የሶዲየም ፓምፕ ራሱን የሚይዝ መድኃኒት ነው፤ የሚይዘውም ከፖታሲየም ጋር እየተሻማ ነው። ፉሮሰማይድ ፖታሲየምን ሲያጎድልበት ተቀናቃኝ የለውምና ፓምፑን ከሚገባው በላይ ይይዘዋል፤ ትናንት ልክ የነበረው የዲጎክሲን መጠን ዛሬ መርዝ ይሆናል። ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ነገሮች ቢጫ ሆነው መታየት፣ የልብ ምት መዛነፍ ምልክቶቹ ናቸው፤ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ደሙን የሚያስመረምርበት ቀን ሊያልፈው አይገባም።

በሰብሳቢው ቱቦ የሚሠሩት መድኃኒቶች ታዲያ ፖታሲየምን የሚቆጥቡ ናቸው። አሚሎራይድ ቀዳዳውን በቀጥታ ይወትፋል። ስፓይሮኖላክቶን ግን በሩን አይነካም፤ ሴሉ ውስጥ ገብቶ የአልዶስቴሮንን መቀመጫ ይይዝበታል፣ ሆርሞኑም ትእዛዝ መስጠት ያቅተዋል። ሴሉ ቀደም ብሎ የሠራቸው በሮች እስኪያረጁ ድረስ ለውጡ አይታይም፤ ስለዚህ ስፓይሮኖላክቶን ጀምሮ በማግስቱ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ጥቂት ቀናት መታገሥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ታዋቂ ጥናት በከባድ የልብ ድካም ላይ ትንሽ መጠን ያለው ስፓይሮኖላክቶን መጨመር ሞትን በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የእርሱ አደጋ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ኩላሊቱ በደከመ፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት አብሮ በሚወስድ ሰው ላይ ፖታሲየም በደም ውስጥ ከልክ በላይ በዝቶ ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ «ፖታሲየም ያስፈልጋል፣ ሙዝ ብላ» የሚለው የጎረቤት ምክር ፉሮሰማይድ ብቻ ለሚወስደው ሲጠቅም፣ ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስደው ሊጎዳ ይችላል። በወንዶች ላይ ጡት ማሳበጥም የዚህ መድኃኒት የታወቀ ጠባይ ነው፤ አፍሮ መድኃኒቱን በድብቅ ከማቆም ለሐኪም መንገር ይሻላል፣ ምትክ አለውና።

አሁን ወደ እኒያ እናት ልመለስ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የዋጡት ፉሮሰማይድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ በስድስት ሰዓታት ገደማ ውስጥ ያልቃል፤ ላሲክስ የሚለው ስም ራሱ ስድስት ሰዓት መቆየቱን ለማመልከት የወጣ እንደሆነ ይነገራል። ቀን 7 ሰዓት ሲሆን በሩ ተመልሶ ይከፈታል። ሰውነት ደግሞ ጠዋት የወጣበትን ጨው አልረሳውም፤ ሆርሞኖቹን ሁሉ አነሣሥቶ፣ ቀጥሎ ያገኘውን ጨው አንድም ሳያስመልጥ ለመያዝ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የምሳው ሽሮ የሚደርሰው በትክክል በዚህ ሰዓት ነው። ከዚያ የመክሰሱ ቡና፣ ከዚያ የእራቱ ወጥ። ከጠዋት ጀምሮ በስድስት ሰዓታት ውስጥ የወጣው ጨው በቀሩት 18 ሰዓታት ተመልሶ ይገባል፤ በማግስቱ ጠዋት ሚዛን ላይ ቢወጡ ክብደታቸው የትናንቱ ነው። መድኃኒቱ ሠርቷል፣ ሽንት ቤት አመላልሷቸዋል፣ እግራቸው ግን እንዳለ ነው።

ነገሩ ሲራዘም ሰውነት ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ፉሮሰማይድ ለወራት ሲወሰድ፣ ከበሩ በታች ያሉት የቱቦ ሴሎች የሚደርስባቸውን የጨው ጎርፍ ለመልቀም ራሳቸው ይገዝፋሉ፣ በሮቻቸውም ይበዛሉ። ሐኪሞች ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ታያዛይድ የሚጨምሩለት የገዘፈውን ክፍል ለመያዝ ነው፤ ሁለቱ በሮች አንድ ላይ ሲዘጉ የሚወጣው ጨው ሊበዛ ስለሚችል ግን ያለ ደም ምርመራ የሚደረግ አይደለም። በተጨማሪ እነዚህን መድኃኒቶች የሚያከሽፍ፣ በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች። ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር የሚያሰፋውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንሱ ጨው እንዲጠራቀም ያደርጋሉ፤ ከሚያሸና መድኃኒትና ከኢናላፕሪል ጋር ሲደረቡ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያደክሙ ይችላሉ። ለጉልበታቸው ሕመም ምን እንደሚወስዱ እኒያን እናት ጠይቄያቸው ነበር፤ ከቦርሳቸው ያወጡት ዳይክሎፌናክ ነበር።

«እማማ፣ ውሃውን በጥምዎ ልክ፣ ሐኪምዎ በፈቀደልዎት መጠን ይጠጡ፤ መቀነስ ያለበት ጨው ነው» አልኳቸው። በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው እንዲያስፈጩ፣ ቡናውን ያለ ጨው እንዲለምዱት፣ የማስታገሻውን ነገር ለሐኪማቸው እንዲነግሩ፣ በየጠዋቱ ሽንት ከሸኑ በኋላ ቁርስ ሳይቀምሱ እንዲመዘኑ ተነጋገርን። በሁለት ቀን ውስጥ ክብደታቸው 2 ኪሎ ከጨመረ፣ እግራቸው ላይ ከመታየቱ በፊት ሚዛኑ ነግሯቸዋልና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባቸዋል። የመጨረሻ ጥያቄያቸው ስለ ዐቢይ ጾም ነበር፤ እስከ 9 ሰዓት ስለማይቀምሱ ኪኒኑን ማታ ከእራት በኋላ ለማድረግ አስበዋል። ማታ 2 ሰዓት የተዋጠ ፉሮሰማይድ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ያስነሣል፤ በጨለማ፣ በእርጥብ ደረጃ፣ የደም መጠኑ በቀነሰ ሰውነት። 9 ሰዓት ላይ ጾሙን ሲፈቱ ቢወስዱት ማታ 3 ሰዓት ላይ ሥራውን ይጨርሳል፤ ከዚህ የተሻለው ግን እንደ ወትሮው ጠዋት መዋጡ ነበር። ሰዓቱን ሐኪማቸው እንዲወስንላቸው፣ ጾሙንም ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩበት ተስማምተን፣ የኪኒኑ ካርቶን ላይ በትልቁ «ጠዋት 1 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው።